ዳይሬክተሩ፣ መርከቧ እና እርሳስ የያዘችው ሴት

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች አምፖል ሲወዛወዝ ማየት ለምደን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ልጅ አቅፈን፣ ጫማ ሳናደርግ፣ በደረጃ እየተንደረደርን ወረድን። በኋላ በኋላ እንደተኛን «የዛሬው ስንት ሆነ?» ብለን ስልክ መክፈት ጀመርን። ያኔ በየቤቱ አንድ ቃል ነገሠ፤ ስምጥ ሸለቆ። የታክሲ ረዳቱም፣ ባለሱቁም፣ እናቴም ባንዴ የስምጥ ሸለቆ ባለሙያ ሆኑ።

እናቴ አንድ ማታ «ይሄ ስንጥቅ ግን የት ነው የሚያልቀው?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን «አያልቅም» ነው። አፋር ላይ ሦስት ስንጥቆች ይገናኛሉ። አንዱ የእኛው ነው፤ ወደ ደቡብ ይወርዳል። አንዱ በቀይ ባሕር ሽቅብ ይሄዳል። ሦስተኛው በታጁራ አድርጎ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይገባና በሕንድ ውቅያኖስ ሥር ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ ከባሕር ሥር ከተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ጋር ይጋጠማል። ሰንሰለቱ ዓለምን ይዞራል፤ ርዝመቱ 65 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በብዙው ክፍል ወገቡ ላይ ሸለቆ አለው። ከውኃ በታች ያለ ስምጥ ሸለቆ በሉት።

ያንን ሸለቆ መጀመሪያ ያየችው ሰው፣ ማሪ ታርፕ፣ መርከብ ላይ ወጥታ አታውቅም ነበር። አትወጪም ተብላ ነው። የባሕር ምርምር ተቋም ውስጥ ትሠራለች፤ የሥራ መደቧ ግን ረዳት ነው። ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሳይሆን ስለ ቢሮ ነው። ስለ አለቃ፣ ስለ ድጋፍ ሰጪ ሠራተኛ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ስሙ ስለሚቀርና ስለሚጠፋ ሰው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ከኒውዮርክ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ሀድሰን ወንዝ ዳር ነው። የአንድ ባለባንክ ሚስት ባሏ ሲሞት ሰፊውን የገጠር ቤታቸውን ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች። በ1949 እዚያ ላሞንት የጂኦሎጂ ኦብዘርቫቶሪ ተከፈተ። ስሙ የጂኦሎጂ ይሁን እንጂ ቀልቡ ባሕር ላይ ነበር። የሀብታም ቤት ወደ ላቦራቶሪ ሲቀየር ምን እንደሚመስል አስቡት። ወጥ ቤቱ የኬሚስትሪ ክፍል ሆነ።

ዳይሬክተሩ ሞሪስ ዩዊንግ ነበር። የቴክሳስ ገበሬ ልጅ ነው። ሁሉም «ዶክ» ይሉታል። እንቅልፍ የማያውቅ፣ ሥራ የማይመርጥ፣ ተማሪዎቹንም እንቅልፍ የሚነሳ ሰው። የዚያ ዘመን ዳይሬክተር ሲባል ክራቫት አድርጎ ስብሰባ የሚመራ ሰው ይመስለን ይሆናል። ዩዊንግ ግን ቅባት የነካው ልብስ ለብሶ ዊንች የሚጎትት ዓይነት ነበር።

በ1953 ላሞንት የራሱን መርከብ ገዛ። ቬማ ትባላለች። ዴንማርክ ውስጥ በ1923 ለአሜሪካዊ ከበርቴ መዝናኛ የተሠራች፣ ባለሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ነበረች። ዩዊንግ ወሰዳትና እንደ ጭነት በቅሎ አሠራት። አንድ ሕግ አወጣ፤ የትም ሁኑ፣ በየቀኑ መርከቧን አቁማችሁ ከባሕር ወለል የጭቃ ናሙና አውጡ። «ለምን?» የሚል ጥያቄ የለም። የፈለገው ተመራማሪ ባይኖርም ይወጣል። አንድ ቀን የሚፈልገው ይመጣል ባይ ነው።

ይሄ ሕግ በወረቀት ላይ ሲነበብ ያምራል። መርከቧ ላይ ግን የሰው ጉልበት ነው። ከባድ የብረት ቧንቧ በገመድ ታስሮ ብዙ ሺህ ሜትር ይወርዳል። ጭቃው ውስጥ ይተከላል። ከዚያ ተመልሶ እስኪወጣ ሰዓታት ይፈጃል። መርከቧ ትዋዥቃለች፣ ገመዱ ይወጠራል፣ እጅ ይላጣል። ከባሕር ወለል በታች ያለውን ድርብርብ ለማጥናት ደግሞ ፈንጂ በእጅ እየተወረወረ የሚፈነዳበት ጊዜም ነበር። በሌላ በኩል ጥልቀት የሚለካው መሣሪያ አለ። ድምፅ ወደ ታች ይልካል፣ ማሚቶው ሲመለስ ወረቀት ላይ መስመር ያሰምራል። ሌት ተቀን አጠገቡ ሰው መቀመጥ አለበት። ዉድስ ሆል ከሚባለው ሌላ የአሜሪካ የባሕር ምርምር ተቋም በሚዋሷት አትላንቲስ በተባለችው መርከብ ላይ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ችግር ነበር። አንዱ ራብ ሞርሙሮት ማቀዝቀዣውን ሲከፍት የመርከቧ ኃይል ይወርድና መለኪያው ያቆማል። ስለዚህ የአትላንቲክን ወለል በትክክል ማወቅ በከፊል በወጥ ቤቱ ሰዎች እጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ዩዊንግ ለዚህ ሁሉ ሠራተኛ ባዕድ አልነበረም። ይህን መካድ አልችልም። በጥር 1954 ቬማ አትላንቲክ ላይ ማዕበል መታት። የዘይት በርሜሎች ከእስራቸው ተፈትተው ወለሉ ላይ መንከባለል ጀመሩ። በርሜሎቹን ለማሰር ከወጡት አራት ሰዎች አንዱ ዳይሬክተሩ ነበር። ወንድሙም ነበር፤ ሁለት የመርከቧ መኮንኖችም። አንድ ማዕበል መጣና አራቱንም ጠርጎ ባሕር ውስጥ ከተታቸው። መርከቧ ዞራ ሦስቱን አወጣች። ዋና መኮንኑ ቻርልስ ዊልኪ ግን ሰጠመ። ዩዊንግ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን ያንን ጉዳት ተሸክሞ ኖረ።

እንዲህ ያለ አለቃ ስንቶቻችን አይተናል? የእኛ አገር አለቃ በርሜል ሊያስር ቀርቶ የመስክ መኪና ጎማ ሲቀየር ከጥላው አይወጣም። ስለዚህ ዩዊንግን ስወቅስ እንደ ተራ ጨቋኝ አትዩብኝ። ላቡን ከሠራተኛው ጋር አፍስሷል። ያልተካፈለው ስሙን ነው። ወደዚያ እየመጣሁ ነው።

ማሪ ታርፕ ላሞንት ሳይመሠረት በፊት፣ በ1948፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ልትጠይቅ መጣች። አባቷ የአፈር ካርታ የሚሠሩ የመንግሥት ባለሙያ ነበሩ፤ ልጅነቷ መስክ ለመስክ ነው ያለፈው። የጂኦሎጂ ማስተርስ አላት፣ የሒሳብ ዲግሪም አላት። ጂኦሎጂ ለመማር የቻለችው ወንዶቹ ጦር ሜዳ ሄደው ወንበሩ ባዶ ስለነበር ነው። ዩዊንግ ማስረጃዋን አየና ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገባው። በመጨረሻ ንድፍ መሳል ትችያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ትችላለች። ተቀጠረች።

ሁለት ዲግሪ ይዛ የሌሎችን ቁጥር ማስላትና መሳል ሆነ ሥራዋ። በኋላ ብሩስ ሂዘን ከሚባል ወጣት ተመራማሪ ጋር ብቻ እንድትሠራ ሆነ። እሱ መርከብ ላይ ይሄዳል፣ ጥልቀቱን ለክቶ ይመጣል። እሷ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ቁጥሩን ወደ መስመር ትቀይራለች። ሴት ስለሆነች መርከብ ላይ አትወጣም። ሴት መርከብ ላይ ገደ ቢስ ናት ይባል ነበር። የተማሩ ሰዎች፣ ባሕርን በሳይንስ የሚያጠኑ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት።

ይህ የላሞንት ብቻ ጉድ አልነበረም። በዉድስ ሆል የምትሠራው ሜሪ ሲርስም የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት ተመራማሪ ሆና ሳለ በተቋሟ መርከብ እንድትሄድ አልተፈቀደላትም። በ1943 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባች። ወታደር የሚያርፍባቸውን የፓስፊክ ዳርቻዎች ማዕበልና ሞገድ የሚያጠናውን ክፍል መራች። ዛሬ በስሟ የሚጠራ የባሕር ኃይል የጥናት መርከብ አለ። በመርከብ አትሂጂ ያሏትን ሴት መርከብ አደረጓት።

ወደ ታርፕ ጠረጴዛ እንመለስ። በ1952 ነው። አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጡ ስድስት የጥልቀት መስመሮችን እርስ በርስ ደርድራለች። ከላይ የሰሜኑ፣ ከታች የደቡቡ። የተራራው ሰንሰለት መሐል ላይ መኖሩ ከድሮም ይታወቃል። እሷ ያየችው ሌላ ነገር ነው። በተራራው ጫፍ ላይ እንደ ቪ የተሰነጠቀ ጎድጓዳ አለ። የመጀመሪያው መስመር ላይ አለ። ሁለተኛው ላይም አለ። ወደ ታች እያየች ሄደች፤ አለ። ተራራዎቹ ከመስመር መስመር አይመሳሰሉም፣ ጎድጓዳው ግን በቦታው ነው።

ሂዘንን ጠርታ አሳየችው። «የሴት ወሬ» አላት።

ለምን እንዲያ እንዳለ መረዳት አይከብድም። የተራራው ወገብ ከተሰነጠቀ መሬት እየተለያየች ነው ማለት ነው። መሬት ከተለያየች አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ። አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ማለት ያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ራስን ማዋረድ ነበር። ስለዚህ እንደገና ሥሪው አላት። እሷም ሠራችው። አጠፋችው፣ ሣለችው፣ ቆጠረችው። ሸለቆው አልጠፋም።

አሁን በጣም የምወደው ሰው ይመጣል። ሃዋርድ ፎስተር ይባላል። ቦስተን የሥነ ጥበብ ትምህርት የተማረ፣ መስማት የተሳነው ወጣት ነው። ከታርፕ አጠገብ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ሥራው ነጥብ መጣል ነው። በውቅያኖስ ውስጥ የተመዘገበ የመሬት መንቀጥቀጥ ሁሉ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ተፈልጎ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይሆናል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነጥብ። ምክንያቱ ደግሞ የስልክ ገመድ ነው። ቤል ላቦራቶሪ የባሕር ገመድ እንዳይበጠስበት አደገኛውን ቦታ ማወቅ ይፈልግ ነበር። ሂዘን አንድ ብልሃት አዘዘ፤ የሁለታችሁ ካርታ ስፋት እኩል ይሁን።

አንድ ቀን ሁለቱ ካርታዎች ከሥሩ መብራት ባለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ተደራረቡ። መብራቱ በራ። የፎስተር ነጥቦች ከታርፕ ሸለቆ ውስጥ ገቡ። በየቦታው አልተዘሩም። እንደ ጉንዳን ሰልፍ ተሰልፈው በሸለቆው ውስጥ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ሸለቆው ወሬ መሆኑ ቀረ። ነጥቦቹ ታርፕ ገና መረጃ ባልነበራት ቦታም መንገዱን ይመሯት ጀመር። ሰልፉን ስትከተል ኤደን ባሕረ ሰላጤ ደረሰች። ከዚያ ወደ ምድር ወጣ፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ። ቅርጹን ስታነጻጽረው ተመሳሳይ ነው። እኛ ቆመን የምናየው ገደል እሷ በመስመር ያገኘችው ገደል ነበር።

በ1956 ነገሩ ለዓለም ተነገረ። ጥናቱ ላይ ያለው ስም የዩዊንግ እና የሂዘን ነው። የታርፕ ስም የለም። በ1957 ሂዘን ፕሪንስተን ሄዶ ስለ ሸለቆው ተናገረ። ታዋቂው ጂኦሎጂስት ሃሪ ሄስ ተነሥቶ የጂኦሎጂን መሠረት ነቀነቅኸው አለው። «ኸው» አለ እንጂ «ናችሁት» አላለም። ሸለቆውን ያየችው ሴትና ነጥቡን የጣለው ልጅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልተጠሩም።

እውነት ለመናገር ሂዘን በኋላ ከብዙዎቹ የተሻለ ሆነ። የሰሜን አትላንቲክ ካርታ ሲወጣ የሁለቱም ስም አለበት። በ1959 በወጣው መጽሐፍም ሂዘን፣ ታርፕና ዩዊንግ ሦስቱም ስም አላቸው። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ላይ በተደረገ የውቅያኖስ ጉባኤ ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ ፊልም ይዞ መጣ። ሸለቆውን አላምንም ብሎ ካሜራ ባሕር ውስጥ ያወረደው ውሸት መሆኑን ሊያሳይ ነበር። የሸለቆውን ጥቁር ገደሎች ቀርጾ ተመለሰ።

አሁን ወደ አለቃው። በ1960ዎቹ ዩዊንግ እና ሂዘን ተጣሉ። የመጣላታቸው ዝርዝር ረጅም ነው፤ የሁለት ትልልቅ ሰዎች ቅናትና እልህ እንደሆነ ልተወው። ዩዊንግ ሂዘንን ሊያባርረው ፈለገ። አልቻለም፤ ሂዘን በዩኒቨርሲቲው ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ አለው። ስለዚህ የሚቻለውን አደረገ። መረጃ ከለከለው። ታርፕን ደግሞ ከሥራ አባረራት። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ ማን እንደሚረገጥ እኛ ቤት የማያውቅ የለም። ሥራው ግን አልቆመም። ታርፕ ኒያክ በሚባል ከተማ ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ቀጠለች። ደመወዟ ከባሕር ኃይል በሚመጣ የምርምር ገንዘብ ይሸፈን ነበር። የዓለም ውቅያኖስ ወለል ሙሉ ካርታ የተሠራው በዚህ ዓይነት ነው። በ1977 በኦስትሪያዊው ሠዓሊ ሃይንሪኽ ቤራን ቀለም ተቀብቶ ታተመ። ሂዘን በዚያው ዓመት ምርምር ላይ ሳለ ባሕር ሰርጓጅ ውስጥ ልቡ ቆሞ ሞቷል።

የተቋም መሪ ኃይሉ የሚለካው ማንን ማባረር እንደሚችል በመቁጠር አይደለም። ማንን ማባረር እንደሚቀለው ስታዩ ግን ብዙ ትረዳላችሁ። ፕሮፌሰሩን የሚጠብቀው ሕግ አለ። ረዳቷን የሚጠብቃት የለም። ይህን ሕግ ያወጣው ዩዊንግ አይደለም፤ ግን ተጠቀመበት። ማዕበል ውስጥ በርሜል ለማሰር የወጣው ያው ሰው ነው።

አንድ የራሴን ልጨምር። ተማሪ ሳለሁ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ላይ ለሚካሄድ የዓሣ ጥናት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ለጥቂት ሳምንታት ሠርቻለሁ። ተቋሙን አልጠራም። ጀልባውን የሚነዱት ጋሼ የምንላቸው ሰው ነበሩ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ሐይቅ ላይ ኖረዋል። የጥናቱ ኃላፊ መረብ የሚዘረጋበትን ቦታ ከካርታ ላይ መርጦ መጣ። ጋሼ አዩትና «እዚህ ከሰዓት ንፋስ ይነሣል፣ መረቡን ይወስደዋል» አሉ። ኃላፊው ፈገግ አለ። ካርታውን አጠፈና ኪሱ ከተተ። ከሰዓት ንፋሱ ተነሣ። መረቡ ሄደ። በማግስቱ ጋሼ ባሉት ቦታ ዘረጋን፤ «ቦታ ቀይረናል» ተባለ እንጂ ማን እንደመረጠው የጻፈ የለም። ሪፖርቱ ሲታተም የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር ነበር፤ «ለሹፌሮችና ለጀልባ ሠራተኞች ምስጋና እናቀርባለን» የሚል። ስም የለም። አበላቸውም የኛን ግማሽ ነበር። እኛ ደግሞ ልጆች ነበርን፤ መቅዘፍ እንኳ አናውቅም።

ዝም ብዬ ያየሁት እኔም ነኝ። «ጋሼ ያሉት ይጻፍ» አላልኩም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠውን መልስ አውቀዋለሁ። ሳይንስ ሐሳብ ነው፣ ሐሳቡን ያመጣ ሰው ስሙ ይጻፍ፣ ምግብ ያበሰለውን ሁሉ ጥናት ላይ ብንደረድር ገጽ አይበቃም ይባላል። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ሸለቆው የታርፕ ሐሳብ ነበር፤ የመደብ ስሟ ረዳት ስለሆነ ብቻ «ንድፍ» ተባለ። ምግብ አብሳዩም ቢሆን አንዳንዴ ሳይንስ ውስጥ ይገባል። በጥቅምት 1968 የዉድስ ሆሏ ትንሿ ሰርጓጅ አልቪን ወደ ባሕር ስትወርድ ገመዷ ተበጠሰ። ውስጧ የነበሩት ሦስት ሰዎች በጭንቅ ወጡ። እሷ 1,500 ሜትር ገደማ ወረደች። ከአሥር ወር በኋላ ስትወጣ የሠራተኞቹ ምሳ ውስጧ ነበር። ዳቦው በውኃ ርሷል፤ ግን አልተበላሸም። ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል። ያ የምሳ ዕቃ የጥልቅ ባሕር ባክቴሪያ ምግብን የሚያበላሸው በጣም ቀስ ብሎ መሆኑን ወደሚያሳይ ጥናት መራ። ያንን ዳቦ የቀባው ሰው ስሙን ማንም አይነግራችሁም።

ሌላም ነገር አለ። ያ የዩዊንግ የየቀኑ የጭቃ ናሙና ምን ሆነ መሰላችሁ? ዛሬ በላሞንት መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ሙሉ ተኝቷል። ከነሱ አንዱ ስሙ V28-238 ነው። V ቬማ፣ 28 የጉዞው ቁጥር፣ 238 የናሙናው ቁጥር። በ1973 ኒኮላስ ሻክልተን እና ኒል ኦፕዳይክ ይህን ጭቃ አጥንተው ከ700 ሺህ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የበረዶ ዘመናት ታሪክ አነበቡበት። በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ቁጥር ያውቀዋል። መርከቧ በአንድ ፊደል ገባች። ተመራማሪዎቹ በሙሉ ስማቸው ገቡ። ቧንቧውን ያወረደው፣ ያወጣው፣ ሳያበላሽ ቆርጦ መለያ የጻፈበት ሰው የለም። መለያው ቢሳሳት ግን ጥናቱ ከነፍሱ ይሞታል። ዩዊንግ ናሙናው ለነገ እንደሚጠቅም ያየ ሰው ነው። ናሙና ለማቆየት መጋዘን ሠራ፤ ሰው ለማቆየት የሠራው ነገር ግን ይህን ያህል አልነበረም።

ሌላ ዓይነት አለቃ የለም እንዳይባል፣ በ1987 ዴቪድ ፓካርድ፣ ከኮምፒውተር ኩባንያው ከሂውሌት ፓካርድ መሥራቾች አንዱ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም የምርምር ተቋምን አቋቋመ። ራሱ መሐንዲስ ስለነበር ይሁን ወይም በፋብሪካ ስለኖረ አላውቅም፣ መሐንዲሱና መርከበኛው ከሳይንቲስቱ ጎን እኩል እንዲቀመጡ ፈለገ። እዚያ ሮቦት ወደ ጥልቁ ሲወርድ መሪውን የያዘው አብራሪ ነው። ሳይንቲስቱ «ያንን» ብሎ ይጠቁማል፤ እንደ ጄሊ የሚፈርሰውን ፍጥረት ሳይበትን የሚይዘው ግን የአብራሪው ጣት ነው። ዉድስ ሆልም ቢሆን ቆይቶ ነገሩ ገብቶታል። በ1990 ሲንዲ ቫን ዶቨር፣ ዶክትሬት ያላት የባሕር ባዮሎጂስት፣ አልቪንን ለመንዳት ሠልጥና የመጀመሪያዋ ሴት አብራሪ ሆነች። ሳይንቲስት ሆኖ መሪ መያዝ ዝቅ ማለት እንዳልሆነ ማሳየቱ ራሱ ቀላል አይደለም።

እኔ የምለው የምስጋና ገጽ ይርዘም አይደለም። ምስጋና ርካሽ ነው። የናሙናው መዝገብ ላይ ያወጣው ሰው ስም ይጻፍ፤ ይህ አንድ ዓምድ መጨመር ነው፣ ሌላ ወጪ የለውም። የጉዞ ዕቅድ ሲወጣ ካፒቴኑና ቴክኒሻኑ ስብሰባው ውስጥ ይቀመጡ፤ «እዚያ ንፋስ ይነሣል» ሲሉ ፈገግታ ሳይሆን ቃለ ጉባኤ ይጠብቃቸው። የቴክኒሻን ቅጥር ደግሞ ከአንድ ፕሮጀክት ገንዘብ ጋር አብሮ የሚሞት አይሁን። ይህ ለባሕር ተቋም ብቻ አይደለም። እኛ ባሕር ባይኖረንም ሐይቅ አለን፣ አፋር አለን። በ2005 መስከረም አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬት በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ተከፈተች፤ ስፋቱ እስከ 8 ሜትር የደረሰበት ቦታ ነበር። ሳይንቲስት ከየዓለሙ ጎረፈ። በዚያ ሙቀት መሣሪያ ተሸክሞ መንገዱን የመራው ማን ይመስላችኋል?

ታርፕ ቢያንስ ዕድሜ አግኝታ አየች። በ1968 መጀመሪያ መርከብ ላይ ወጣች፤ አርባ ሰባት ወይም አርባ ስምንት ዓመቷ ነበር። በ1997 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ካርታ ሠሪዎች አንዷ አላት። በ2001 ያው ላሞንት ሸለማት። በ2006 ሞተች። ዩዊንግ ደግሞ በ1972 ከዩኒቨርሲቲው ጋር ተጣልቶ ላሞንትን ለቅቆ ቴክሳስ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ። ቬማ ከ1 ሚሊዮን የባሕር ማይል በላይ ተጉዛ በ1981 ጡረታ ወጣች። ከዚያ ማንዳሌይ ተብላ ካሪቢያን ላይ ቱሪስት ታመላልስ ጀመር። መዝናኛ ሆና ተወልዳ ወደ መዝናኛ ተመለሰች። ስለ ፎስተር ግን ከነጥቦቹ በቀር የሚነገር ብዙ የለም።

ለእናቴ የ1977ቱን ካርታ ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየኋት። ጣቷን አፋር ላይ አድርጋ በኤደን በኩል ወደ ባሕሩ ወሰደችው። «ይሄን ሁሉ ማን ሣለው?» አለች። ስለ ታርፕ ነገርኳት። ሁለት ዲግሪ ይዛ በረዳትነት መቀጠሯን፣ መርከብ መከልከሏን፣ ተባርራ ከቤቷ መሥራቷን። እናቴ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ጡረታ የወጣችው የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ነው።

«ደህና ይከፍሏት ነበር?» አለችኝ።